ባዝራዋ የቆመችበት ቅስት

ሩበን ካችፖል የባዝራዋን የጁኖን ልጓም በግራ እጁ ጠቅልሎ፣ ከታችኛው እርሻ ወደ ኤልምስኮት የሚያወጣውን ጭቃማ መንገድ ተያይዞታል። ከኋላው አሥራ ስድስት ፈረሶች በየሎሌዎቻቸው እየተሳቡ ይከተላሉ። ዳማው፣ ጉራቹ፣ ቦራው፣ ሁሉም ጋማው ተጎንጉኖ፣ ሰኮናው በዘይት ተወልውሎ ለሠርግ የተሰናዳ መስሏል። ሩበን ራሱ አዲስ አረንጓዴ ካፖርት ለብሷል። አንገትጌው ቢያንቀውም በዚያ ቀን አንገቱን ያነቀው አንገትጌው ብቻ አልነበረም።

ዕለቱ በመስከረም የሚውለው የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው። በእንግሊዝ፣ በሰፎክ አገር በሚካኤል ሎሌ ጌታ ይለውጣል፣ ጭሰኛ ቤት ይለቃል፣ ዝይ ይታረዳል። ዘንድሮ ደግሞ የሰር ኤድመንድ ዋይበርን አዲሱ የፈረስ ግቢ ይመረቃል። እሱ እስኪሠራ ፈረሶቹ ሁለት ዓመት በታችኛው እርሻ ጎተራ ተጠግተው ከርመዋል። እንደ ቤቱ ደንብ አንጋፋዋ ባዝራ ሳትቀድም ሌላ ፈረስ እግሩን አያስገባም። አንጋፋዋ ጁኖ ናት። ከኋላዋ ከሚከተሉት አብዛኞቹ ወይ ልጆቿ ወይ የልጅ ልጆቿ ስለሆኑ፣ እሷ በሄደችበት ይሄዳሉ፣ እሷ በቆመችበት ይቆማሉ።

የመንደሩ ሰው ከአጥሩ ጥግ ተደርድሮ ያያል።

«ሩበን፣ እኛንም ከኋላ አስከትለና» አለች አንዲት ሴት። «ገለባም ቢሆን እንበላለን፣ ጣራው አያፍስስ እንጂ።»

«አንቺማ ትራገጫለሽ» አላት ጎረቤቷ፣ «ማን ያስጠጋሻል።»

ሩበን ሳቅ አለና አለፈ። መንገዱ ሲታጠፍ ሕንፃው ብቅ አለ።

አራት ማዕዘን ነው፤ መሐሉን ሰፊ ግቢ ይዞ በቀይ ጡብ የቆመ፣ ማዕዘኖቹ በነጭ ጥርብ ድንጋይ የታሰሩ። በፊቱ መሐል ትልቅ የሠረገላ መግቢያ ቅስት አለ። ከቅስቱ በላይ የባልደራሱ መኖሪያ፣ ከመኖሪያው በላይ ሰዓቱ፣ ከሰዓቱ በላይ በቀጫጭን ዓምዶች የተደገፈ ጉልላት፣ ከሁሉም በላይ ነፋስ የሚያሽከረክረው በወርቅ የተለበጠ የሚጋልብ ፈረስ። ከቅስቱ ግራና ቀኝ ያሉት መስኮቶች ቁጥራቸውም ቁመታቸውም አንድ ነው። ከቀኞቹ ግን ግማሾቹ የውሸት ናቸው። ከጀርባቸው ድርቆሽ ስለሚከመር በጡብ ተደፍነው፣ መስታወት እንዲመስሉ ጥቁር ቀለም ተቀብተዋል። የሕንፃው ነዳፊ ሚስተር ሌቨሪንግ ግራው ከቀኙ ካልተመሳሰለ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው።

ይኸው ሰው ነው ሥራው ሲጀመር ከሰር ኤድመንድ ትልቅ ቤት በር መሐል ገመድ አስወጥሮ ቅስቱ የሚቆምበትን ቦታ የለካው። ገመዱ በአሮጌው መንገድ ዳር በነበረች አንዲት ጎጆ ጣራ ላይ አለፈ። ትንሽ ወደ ጎን ቢሉት ጎጆዋ ትተርፍ ነበር፤ ነገር ግን ቅስቱ ከትልቁ ቤት በር ትይዩ አይሆንም። ስለዚህ ጎጆዋ ፈረሰች።

ጎጆዋ የባርናቢ ሳሎውስ ነበረች። ባርናቢ የሰር ኤድመንድ አባት ባልደራስ ነበሩ፤ ቤቱንም «እስክትሞት ያንተ ነው» ብለው በቃል የሰጧቸው እኚያው አባት ናቸው። ቃል ደግሞ ከተናጋሪው ጋር ይቀበራል። ባርናቢ ሚስታቸውን ታቢታን፣ ልጃቸውን ኬዛያን፣ የኬዛያን ባል ሩበንን ይዘው በአሮጌው የልብስ ማጠቢያ ቤት ጓሮ ወዳለች አንዲት ክፍል ገቡ። የክፍሏ ግድግዳ በጋ ከክረምት ያለቅሳል። ባለፈው የካቲት ታቢታ ሲስሉ ከርመው አረፉ። ሽማግሌውም ከቀብር በኋላ «ለናንተ ሸክም አልሆንም» ብለው ቤተ ክርስቲያን ወደሚያስተዳድረው የድሆች ቤት ሄዱ።

ሩበንና ኬዛያ እዚያችው ቀሩ። አሁን ኬዛያ ነፍሰ ጡር ናት፤ ከመስከረም መግቢያ ጀምሮም የእናቷ ዓይነት ሳል ጀምሯታል። ሩበን ሌሊት ሳሏን ሲሰማ ግድግዳውን በመዳፉ ይዳብሳል፤ መዳፉ ረጥቦ ይመለሳል። ከቅስቱ በላይ ያሉት ክፍሎች ግን ደረቅ ናቸው፣ ምድጃ አላቸው። ሰር ኤድመንድ «በሚካኤል ፈረሶቹን በወጉ አስገባልኝና ባልደራስም ትሆናለህ፣ ቁልፉም ያንተ ነው» ብለውታል። እንዲህ ስለሆነ የዚያ ቀን የፈረሶቹ አገባብ ለሩበን የበዓል ነገር አልነበረም። የሚስቱና የልጁ ነፍስ ነበር።

ከቅስቱ ፊት ሰር ኤድመንድ ከእንግዶቻቸው ጋር ቆመዋል። ከጎናቸው ጎረቤታቸው ሎርድ ሃርስት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ሚስተር ሌቨሪንግ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። ሩበን ቀና ብሎ ከቅስቱ በላይ ያለውን መስኮት አየ። ኬዛያ ከጠዋት ጀምሮ ምድጃውን ልታጸዳ እዚያ ወጥታለች። መስኮቱ ተከፍቷል።

«ነይ እንግዲህ፣ የኔ እመቤት» አላት ጁኖን በለሆሳስ፣ «ዛሬን ብቻ አታሳፍሪኝ።»

ጁኖ በቅስቱ ሥር ገባች። ሰኮናዋ በአዲሱ ንጣፍ ላይ አስተጋባ። የመተላለፊያው ግድግዳ በግራም በቀኝም ሐውልት የሚቆምበት፣ የሰው ቁመት ያህል ሆኖ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ባዶ ቤት አለው፤ ሐውልቶቹ ከለንደን ገና አልመጡም። ጁኖ ከግራው ባዶ ቤት ትይዩ ስትደርስ ቆመች።

ሩበን ልጓሙን ሳብ አደረገ። አልተነቃነቀችም። አንገቷን ወደ ግራ አዙራ አፍንጫዋን ባዶው ቤት ውስጥ ከተተች። ሩበን ትከሻዋን ገፋ፣ ደረቷን ዳበሰ፣ አባበላት። አራት እግሯን ተክላ ቀረች። ከኋላዋ ያለው ጉራች ቆመ፤ ከእሱ ኋላ ያለው ቦራ ቆመ፤ ሰልፉ በሙሉ እስከ መታጠፊያው ድረስ ቆመ።

«ምን ሆነች?» አሉ ሰር ኤድመንድ።

«አዲስ ድንጋይ ሸቷት ነው ጌታዬ። አሁን ትገባለች።»

አልገባችም። ጊዜው ሄደ። እንግዶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሎርድ ሃርስት ሳቃቸውን በመሐረብ ሸፈኑና፣

«ኤድመንድ፣ አሮጊቷ ቤትህን አልወደደችውም። እኔ ጋ ስደዳት። የኔ ጋጣ ጣራው ቢጎብጥም ፈረስ ሸሽቶት አያውቅም» አሉ።

የሰር ኤድመንድ ፊት ቀላ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፈረስም ያውቃሉ። ነገር ግን የአንድ ደብር ሕዝብ የሚኖርበት ገንዘብ አፍስሰው የሠሩት ቤት በእንግዶቻቸው ፊት በአንዲት አሮጊት ባዝራ ሲናቅ ቁጣቸውን ዋጥ ማድረግ አልቻሉም። ከአንዱ ሎሌ ጅራፍ ተቀበሉና ለሩበን ሰጡት።

«ግረፋት።»

«ጌታዬ፣ ጁኖን ጅራፍ ነክቷት አያውቅም።»

«እንግዲያው ዛሬ ይነካታል። አለዚያ ጅራፍ የሚይዝ ሌላ ባልደራስ እፈልጋለሁ።»

ሩበን ጅራፉን ይዞ ቆመ። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አብሮ መጣበት፤ የባዝራዋ የተረጋጋ ዓይንና ከላይ በመስኮቱ በኩል የተሰማው የኬዛያ ሳል።

የሰፎክ ፈረሰኞች ከአባት ወደ ልጅ በሹክሹክታ የሚያወርሱት ጥበብ አለ። «ማሰር» ይሉታል። የሽለምጥማጥ ጉበት ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ ከአንዳንድ ቅጠል ጋር በበር መቃን ላይ ከተቀባ፣ ፈረስ ያንን ሽታ ሲያገኝ ገድለው ቢጎትቱት አያልፍም። መፍቻው በኮምጣጤና በወተት ማጠብ ነው። በኤልምስኮት ደብር ይህን ጥበብ የሚያውቁ ባርናቢ ብቻ እንደሆኑ ማንም ያውቃል። ሩበንንም ከልጅነቱ ጀምሮ አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ጌታዬ» አለ ሩበን፣ «ጥፋቱ የሷ አይደለም። ታስራለች።»

ሰር ኤድመንድ የቃሉን ትርጉም የሚነግራቸው ሰው አላስፈለጋቸውም። ወዲያው ኮምጣጤና ወተት በባልዲ መጣ። ሩበን ባዶውን ቤት አጠበ፣ ግድግዳውን አጠበ፣ ንጣፉን አጠበ፤ አዲሱ ካፖርት እስከ ክንዱ ራሰ። ጁኖ አፍንጫዋን ከእጁ ሥር አሹልካ እዚያው መለሰች።

እዚህ ላይ ነበር ሰውየው መንቃት የነበረበት። የታሰረ ፈረስ አፍንጫውን ያሸሻል እንጂ አያስጠጋም። ሩበን ይህን እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያውቀዋል። ግን ፍርሃት የያዘው ሰው የሚያውቀውን ነገር መቼ ያገኘዋል።

«ማነው ያሰራት?» አሉ ሰር ኤድመንድ።

ሩበን ባልዲውን አነሳ።

«ስማ ካችፖል። ወይ ስሙን ትነግረኛለህ፣ ወይ ጅራፉን ታነሳለህ፣ ወይ ይህን ካፖርት አውልቀህ ዛሬውኑ ከርስቴ ትወጣለህ። ሚካኤል ነው፤ ሰው የሚለቅበት ቀን ነው።»

ሩበን ወደ መስኮቱ ቀና አላለም። «ባርናቢ ሳሎውስ ናቸው ጌታዬ» አለ።

የሚስቴ አባት አላለም። አለመናገሩ ግን ምንም አልጠቀመውም፤ ሎሌዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ።

የድሆች ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ስለሆነ ሽማግሌውን ለማምጣት ብዙ አልፈጀም። ሁለት ሎሌዎች እንደ በግ ሌባ ግራና ቀኝ ይዘዋቸው መጡ። ባርናቢ ቀጭን፣ ረጅም ሰው ናቸው። ዕድሜ እግራቸውን አስሮት ቀስ እያሉ ቢራመዱም አንገታቸው አልጎበጠም። ባርኔጣቸውን ለሰላምታ ነካ አደረጉ።

«ባርናቢ» አሉ ሰር ኤድመንድ፣ «አባቴን በታማኝነት አገልግለሃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እለምንሃለሁ፤ ሁለተኛ ግን አልለምንም። ፍታት። እምቢ ካልክ ከድሆች ቤት አልጋህን ትለቃለህ፣ ክረምቱንም በወህኒ ቤት ትከርማለህ።»

«ምኗን ልፍታ ጌታዬ?»

«ያሰርካትን።»

«አሰራት ያለ ማን ነው?»

የሽማግሌው ዓይን በሰዉ ላይ ዞረና ሩበን ላይ አረፈ። የረጠበው እጅጌው፣ የያዘው ባልዲ ሁሉንም ተናገረ።

«አንተ ነህ ሩበን?»

«እኔ ነኝ አባባ።»

«እህ» አሉ ባርናቢ። ሎሌዎቹን በእጃቸው ገለል አደረጉና ወደ ባዝራዋ ተጠጉ። አቋቋሟን አዩ፣ አንገቷን አዩ፣ አፍንጫዋ ያረፈበትን አዩ። ከዚያ ግድግዳውን በመዳፋቸው ነኩና ብዙ ቆዩ።

«አፍንጫዋን ተመልከት እስቲ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «የታሰረ ፈረስ እንዲህ ያደርጋል? እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

በዚያች ሰዓት ሁሉም ነገር ለሩበን ተገለጠለት፤ መገለጡ ግን ዘግይቷል።

«ጌታዬ» አሉ ባርናቢ ወደ ሰር ኤድመንድ ዞረው፣ «እዚህች ላይ የኔ በር ነበረች። ታችዋ ተዘግቶ ላይዋ የሚከፈት በር። ጁኖ ማታ ማታ ከመስክ ስትመለስ የታቢታ የዳቦ ቅርፊት እዚህ ይጠብቃታል። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ፣ ዝናብም ቢጥል፣ በረዶም ቢወርድ፣ ዳቦዋን ሳትቀበል አልፋ አታውቅም። ወደ ታችኛው እርሻ ከወረደች ወዲህ በዚህ መንገድ ስትመጣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ቤቱ መፍረሱን የነገራት የለም።»

ሎርድ ሃርስት መሐረባቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሚስተር ሌቨሪንግ ግድግዳውን አየው፤ እዚያ ቦታ ላይ በወረቀቱ ያሰመረው መስመር እንጂ በር ትዝ አላለውም።

«ዳቦ አምጡለት» አሉ ሰር ኤድመንድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ከወጥ ቤት ነጭ ዳቦ መጣ። ባርናቢ ነጩን መልሰው ከሎሌዎቹ ስንቅ ጥቁር የአጃ ዳቦ ጠየቁ፤ ቅርፊቱን ቆርሰው በመዳፋቸው አቀረቡላት። ጁኖ በከንፈሯ ለቅማ በላች። በልታ ስታበቃም ጆሮዎቿን አቁማ እንደ ቆመች ቀረች።

«አሁንስ ምን ቀራት?»

«ቃሉ ነው ጌታዬ። ዳቦውን ስትሰጣት የምትላት አለ። ያንን ሳትሰማ አትሄድም።»

«በላት እንግዲያ።»

ባርናቢ ባርኔጣቸውን አውልቀው መልሰው አደረጉ። «የታቢታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ብዬው አላውቅም። ከሞተች ወዲህ ደግሞ በልቤም ልለው ፈርቻለሁ።»

በቅስቱ ሥር ያለው ሰው ሁሉ መሬት መሬት አየ። በዚህ መሐል ከላይኛው ክፍል የሚወርደው ደረጃ በር ተከፈተና ኬዛያ ወጣች። በወገቧ የታጠቀችው ሽርጥ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ከመስኮቱ ሁሉንም ሰምታለች። ባሏን አላየችውም፤ ጌታውንም እጅ አልነሳችም። ቀጥ ብላ ሄዳ በአባቷ ጎን፣ በሩ በነበረበት ቦታ ቆመች፤ እጇን በጁኖ ግንባር ላይ አደረገች።

«በይ እለፊ ልጄ» አለች፣ «ቤትሽ ግቢ።»

የእናቷ ድምፅ ነበር፤ ያው ትንሽ ሻካራነት፣ ያው መጨረሻው ላይ ዝቅ የሚለው። ባርናቢ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጁኖ አንዴ ተነፈሰች፣ አንገቷን አነቃነቀች፣ ሩበን ልጓሟን እስኪስብ ሳትጠብቅ ወደ ግቢው ገባች። ጉራቹ ባዶው ቤት አጠገብ ቆም አለና ተከተላት። ቦራውም እንደዚያው፣ ቆም ብሎ አለፈ። ታቢታን በዓይናቸው አይተው የማያውቁት ውርንጭሎች ሳይቀሩ እናታቸው ከቆመችበት ቦታ ቆም ሳይሉ አላለፉም። ባርናቢም የመጨረሻው ፈረስ እስኪገባ ባርኔጣቸውን በደረታቸው ላይ ይዘው ቆዩ።

ሰር ኤድመንድ ወደ ነዳፊው ዞሩ።

«የግራው ሐውልት ይቅር። የሐውልቱ ቤት ባዶውን ይቆይ።»

«እንዲያ ከሆነ የቀኙም መቅረት አለበት ጌታዬ» አለ ሚስተር ሌቨሪንግ፣ «አለዚያ አይመሳሰልም።»

«የቀኙም ይቅር።» ለሽማግሌውም የሚሉት ነገር ፈለጉ፤ ግን ይቅርታ መጠየቅ ከልጅነታቸው ያልተማሩት ቋንቋ ነበር። «ባርናቢ፣ ዝይ ተጠብሷል። ግባና ብላ» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ። ለዝይ የሚሆን ጥርስ የለኝም» አሉ ባርናቢ። ኬዛያ ክንዳቸውን ይዛ በጠባቧ ደረጃ ወደ ላይ ወሰደቻቸው። ለሩበን ቁልፉ የተሰጠው ያኔ ነው። ከባድ የብረት ቁልፍ ነበር፤ ሲቀበለው እጁ እንደ ሌባ እጅ ሆነበት።

ከዚያ በኋላ ሩበን እያንዳንዱን ፈረስ በየክፍሉ አስገባ። የጋጣው ውስጥ እውነትም ያምራል፤ የባሉጥ ምሰሶዎቹ ጫፋቸው እንደ ኳስ ተድቦልቡለዋል፣ ወለሉ ሽንቱን ወደ ቦይ እንዲያወርድ ዘንበል ብሏል፣ ድርቆሹ ከላይኛው ቆጥ በቀዳዳ ቀጥታ ወደ ግርግሙ ይወርዳል። ከፍ ብለው የተከፈቱት ክብ መስኮቶች አየር ያስገባሉ፤ የፈረስ ጀርባ ግን ነፋስ አይመታውም። ሩበን ይህን ቤት ሁለት ዓመት ሲመኘው ኖሯል። አሁን ጁኖን ሲያሽና ገለባ ሲነሰንስላት አንዱም አልታየውም። በአባትነት ያሳደጉትን ሰው፣ በዕድሜያቸው መጨረሻ፣ ለወህኒ አሳልፎ እንደሰጠ ብቻ ነው የታየው። አፍሮ ነበር፤ እፍረቱም ቦታ ያለው እፍረት ነበር።

ሲመሽ ፋኖሱን ይዞ ወደ ቅስቱ መጣ። ከላይ በመስኮቱ የእሳት ብርሃን ይታያል። የባርናቢ ድምፅ ይሰማል፤ ኬዛያ ስትመልስላቸውም። አትስልም። የደረጃው በር ገርበብ ብሏል። ቁልፉ በእጁ ነው፣ በሩም ክፍት ነው፣ እሱ ግን መግባት አልቻለም። ከባዶው ቤት ትይዩ ቆመ። ከላይ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማ፣ እንጨት ወደ እሳቱ ሲጨመር ሰማ፣ እግሩ ግን አልታዘዘውም።

የድሆች ቤት የመግቢያ ሰዓት ደወል ተደወለ። ሽማግሌው አልወረዱም። ቆይቶ የእግር ኮቴ ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ፤ ኬዛያ ነበረች። በሩን ሙሉ ለሙሉ ከፍታ በመቃኑ ተደግፋ ቆመች። ብዙ አየችው። ፊቷ ላይ ምሕረት የሚባል ነገር ገና አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«ከማጠቢያ ቤት አልጋውን ነገ ለአባባ ታመጣለታለህ» አለችው። «ከእንግዲህ እኛ ጋ ነው።»

«እሺ።»

«ራስህ ነህ የምታመጣው። ሎሌ እንዳትልክ።»

«እሺ ኬዛያ።»

ከዚያ በኋላም አልተነቃነቀም። እሷም ልትመለስ ዞር አለችና እንደገና ቆመች። ሆዷን በአንድ እጇ ደገፈች።

«በል እለፍ» አለችው፣ «ቤትህ ግባ።»

በእናቷ ድምፅ አልነበረም፤ በራሷ ነበር። ሩበን ፋኖሱን አጠፋና ከኋላዋ ደረጃውን ወጣ።